ዳጉና ሬዲዮ፤ ስለ አንድ ሳምንት ቃለ ምልልስ የቀረበ ሂስ

በአገራችን ሂስ ሲነሣ ፈጥኖ ወደ አእምሮ የሚመጣው በልብ ወለድ፣ በግጥም፣ በተውኔት፣ በሥዕል ወይም በሙዚቃ ላይ የሚሰነዘር አስተያየት ነው። መጽሐፍ በታተመ፣ ተውኔትም መድረክ ላይ በወጣ ቁጥር ደካማውን ከጠንካራው ለይቶ ለማሳየት ብዕሩን የሚያነሣ ሐያሲ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ከመጽሐፍም ከተውኔትም ይልቅ በብዙ ሕዝብ ጆሮ የሚደርስ፣ በየዕለቱ ተፈጥሮ በየዕለቱ የሚጠፋ አንድ የቃል ጥበብ አለ፤ እርሱም የሬዲዮ ቃለ ምልልስ ነው። የሬዲዮ ድምፅ በ1928 ዓ.ም. ከአቃቂ ከተሰማ ወዲህ ስለ ጣቢያዎች ታሪክ፣ ስለ ማሠራጫዎች ጉልበት፣ ስለ ሕጉና ስለ አስተዳደሩ ብዙ ተብሏል። ጠያቂው እንዴት ጠየቀ፣ ተጠያቂው እንዴት መለሰ፣ አድማጩስ ምን ይዞ ተነሣ የሚለው ጥያቄ ግን ራሱን የቻለ የጥበብ ጉዳይ ተደርጎ ሲመረመር እምብዛም አይታይም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት በጥቂቱም ቢሆን ለመንካት ይሞክራል። ለምርመራ የመረጥነው ስለ ዓለም ጉዳይና ስለ ሳይንስ የሚደረገውን ቃለ ምልልስ ነው። የመረጥነው ሳምንት ከእሑድ ኅዳር 14 እስከ ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለውን ሲሆን፣ የምናዳምጥበት ጆሮ ደግሞ የከሚሴና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነዋሪ ጆሮ ነው። አንድን ጣቢያ ወይም አንድን ጋዜጠኛ ነጥለን ለመክሰስ አንሻም። የምንሄሰው በብዙዎቹ ጣቢያዎች ዘንድ ሥር የሰደደውን ልማድ ነው።

ስፍራውና ሳምንቱ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በቦርከና ሸለቆ የምትገኝ የዞኑ ርእሰ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባቲ፣ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋና ደዌ ሐረዋ የተባሉት ወረዳዎች አሉ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ450,000 በላይ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ አማርኛም ከአፉ አይጠፋም። በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሮ በአማርኛ ዋጋ መቁረጥ፣ ከዚያም ተመልሶ በኦሮምኛ መመራረቅ በዚህ አገር ገበያ እንግዳ ነገር አይደለም። በስሟ የሙዚቃ ቅኝት የተጠራላት ባቲ ሰኞ ሰኞ ትልቁን ገበያዋን ታቆማለች፤ ግመልና ፍየል ነድቶ ከቆላ የሚወጣው አፋርና እህል ጭኖ ከደጋ የሚወርደው ገበሬ እዚያ ይገናኛሉ። ሰንበቴም ስሟ እንደሚያመለክተው በእሑድ ትገበያያለች።

የመረጥነው ሳምንት በዓለም ጉዳይም በሳይንስም የተጨናነቀ ነበር። እሑድ ኅዳር 14 ቀን ረፋዱ ላይ በአፋር፣ ከኤርታ አሌ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ ፈነዳ። አመዱ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል አልፎ ሕንድ ድረስ በመዝለቁ የአውሮፕላን በረራዎች ተሰረዙ። በዚያው ዕለት በጆሃንስበርግ፣ በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው የቡድን ሃያ አገሮች መሪዎች ጉባኤ አሜሪካ ሳትገኝበት ተፈጸመ። በዋዜማው ቅዳሜ በብራዚሏ በሌም ከተማ የተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ተዘግቶ ነበር፤ በዚያም እ.ኤ.አ. በ2027 የሚካሄደውን ጉባኤ አዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። ከዚህም ሁሉ በፊት ኅዳር 5 ቀን በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሠቱ በይፋ ተነግሯል። የዕውቀት ሰዎችን ለመጠየቅ ከዚህ የበለጠ ምክንያት የሚሰጥ ሳምንት በቀላሉ አይገኝም።

የከሚሴ አድማጭ ይህን ሁሉ የሚሰማበት መንገድ የራሱ ችግር አለው። የኤፍ ኤም ሞገድ በቀጥታ መስመር የሚጓዝ በመሆኑ ተራራ ይጋርደዋል፤ በአንዱ ጉብታ ላይ ጥርት ብሎ የተሰማው ድምፅ ከጉብታው ማዶ ይጠፋል። አጭሩ ሞገድ ግን ወደ ላይ ወጥቶ፣ በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው አየር ሲመልሰው እንደገና ወደ ምድር ስለሚወርድ ከሩቅ አህጉር ተነሥቶ ቆላው መንደር ድረስ ይገባል፤ ቢሆንም እንደ ሰዓቱና እንደ ወቅቱ ይደክማል፣ ይንሿሿል። በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ክፍል በምሽት ሲደመጥ የኖረው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። የአሜሪካ ድምፅ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሠራተኞቹ በመንግሥታቸው ትእዛዝ ከሥራ ገለል እንዲሉ ሲደረግ ማሠራጫው ጸጥ ማለቱም፣ ዓለም የሚታይበት መስኮት በሌላ ሰው እጅ ሊዘጋ እንደሚችል አሳይቷል። እንዲህ በድካም የሚገኝ ድምፅ ባዶውን ሲመጣ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ዳጉ እንደ መለኪያ

ቃለ ምልልስን በምን እንመዝነው? መለኪያውን ከሩቅ አገር መበደር አያስፈልገንም። ከዞኑ በስተምሥራቅ የሚኖረው የአፋር ሕዝብ ዳጉ የተባለ የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት አለው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ እጅ ነሥተው ብቻ አይተላለፉም። ስለ ዝናብና ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ ሰላምና ስለ ግጭት፣ ስለ ገበያ ዋጋ፣ በመንገድ ስለታየ እንግዳ ሰው ቆመው ወይም ተቀምጠው ይጠያየቃሉ። ጠያቂው የተነገረውን ሁሉ እንዳለ አይውጥም፤ ነገሩን በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰማኸው፣ ከሰማኸውስ ከማን፣ መቼና የት እያለ ይመረምራል። ተናጋሪውም ያየውን ከሰማው ለይቶ የመናገር ግዴታ አለበት። ሐሰት የነዛ ሰው ታማኝነቱን ያጣል፣ በባህሉ ሕግም ይጠየቃል። ወሬው የሚፈለገው ነገ መንጋው ወዴት እንደሚነዳ ለመወሰን ስለሆነ በዋዛ አይያዝም።

ከዚህ ሥርዓት ሦስት መለኪያዎች እናገኛለን። አንደኛው፣ ዕውቀቱ ከየት እንደመጣ ተጠይቋልን? ሁለተኛው፣ የተነገረው ነገር ለሰሚው ኑሮ ምን ማለት እንደሆነ ተገልጧልን? ሦስተኛው፣ ጠያቂው እስኪገባው ድረስ ጠይቋልን? ጠያቂ ማለት በዚያ ሰዓት ከሊቁ ፊት ለመቀመጥ ያልቻለው የብዙ ሺህ ሰው ወኪል ነው። ወኪል የላከውን ሰው ጥያቄ ረስቶ የራሱን ዕውቀት ሊያሳይ ወይም እንግዳውን ሊያስደስት ከተነሣ ውክልናውን ከድቷል ማለት ነው።

በዚህ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዞኑና በአጎራባቹ ወረዳዎች የደረሰው ደም መፋሰስና ጦርነት ገና ከሰው ልብ አልወጣም። ምንጩ ያልታወቀ ወሬ ጎረቤትን ከጎረቤት ሲያጋጭ፣ ያልተጣራ ቃል ሰውን ከቤቱ ሲያስወጣ የታየበት አገር ነው። ስለ ተራራ ፍንዳታ ወይም ስለ ሩቅ ጉባኤ «ይህን እንዴት አወቁት?» ብሎ መጠየቅን ከሬዲዮ የተማረ አድማጭ፣ ስለ ጎረቤቱ ክፉ ወሬ ሲደርሰውም ያንኑ ጥያቄ ያነሣል። የቃለ ምልልስ ጥበብ ከዚህ ላይ ከጨዋታነት አልፎ የሰላም ትምህርት ይሆናል።

የአሥራ ሁለት ሺህ ዓመቱ ተራራ

በዚያ ሳምንት ከአገር ውስጥም ከውጭም ማሠራጫዎች ተደጋግሞ የተሰማው ቁጥር 12,000 ነበር። ሃይሊ ጉቢ በአሥራ ሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈነዳ ተባለ። ቁጥሩ ግዙፍ፣ ለጆሮም የሚጥም ነው። ነገር ግን በዳጉ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን ማን አየ?» የሚል ይሆን ነበር።

እውነቱ እንዲህ ነው። የዓለምን እሳተ ገሞራዎች መዝገብ የሚይዘው የአሜሪካው ስሚዝሶንያን ተቋም፣ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ካበቃ ወዲህ ባለው አሥራ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ስለ መፈንዳቱ የሚያውቀው ማስረጃ አልነበረውም። ማስረጃ አልተገኘም ማለት ግን ፍንዳታ አልነበረም ማለት አይደለም። ስፍራው ሞቃትና ሩቅ ነው፤ ድንጋዩን ቆርጦ ዕድሜውን የለካ ተመራማሪ እምብዛም አልደረሰበትም። በቅርብ ዘመን የፈሰሰ የቀለጠ ዓለት ቢኖር እንኳ መዝጋቢ አልነበረውም። እንግዲህ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ተራራው ብቻ ሳይሆን ስለ እኛም የዕውቀት ማነስ ነው። «አልፈነዳም» እና «መፈንዳቱን አናውቅም» በተባሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት የሳይንስ ዋና ትምህርት ነው። ሊቁ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ከአፉ የሚያወጣው ግን ሲጠየቅ ነው፤ «እስኪ ስለ ክሥተቱ በአጭሩ ያብራሩልን» የሚል ጥያቄ ደግሞ ይህን ሊያወጣ አይችልም።

በማግሥቱ ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነበር። ከአፋር የመጣ ሰውና ከወሎ ደጋ የወረደ ሰው በዚያ ገበያ ሲገናኙ የሚጠያየቁትን መገመት ለማንም አይከብድም፤ አመዱ ወደ እኛ ይመጣልን? አመድ የወደቀበትን ሣር የበላ ከብት ምን ይሆናል? ዝናብ የተጠራቀመበት ኩሬ ውኃ ይጠጣልን? የአካባቢው አስተዳደር የሰው ሕይወት እንዳልጠፋ፣ የግጦሹ መሬት ግን በአመድ እንደተሸፈነ ገልጾ ነበር። ታዲያ ግጦሹን ያጣው አርብቶ አደር ወዴት ይሄዳል? በበጋ የአፋርና የኦሮሞ ከብት በቦርከና ዳር በሚገኘው በጨፋ ረግረግ ሜዳ እንደሚሰበሰብ የሚያውቅ የከሚሴ ሰው ይህ ጥያቄ ያሳስበዋል። እሳተ ገሞራ አመድ የደቀቀ ዓለትና ብርጭቆ መሆኑን፣ የከብትን ጥርስና ሳንባ እንደሚጎዳ፣ አንዳንዴም መርዛማ ፍሉዎር እንደሚይዝ ለማስረዳት የሦስት ደቂቃ ጊዜ ይበቃል። ሦስቱ ደቂቃ በዴልሂ ስለተሰረዙት በረራዎች ብቻ ካለቀ፣ ለአየር መንገደኛው የተነገረው ለከብት ጠባቂው አልተነገረም ማለት ነው።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚደረገውም ቃለ ምልልስ ተመሳሳይ ጉድለት ይታይበታል። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ለወራት ስትንቀጠቀጥ፣ መጠኑ ወደ 6 የተጠጋ ንዝረት ጭምር ተመዝግቦ፣ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ሳይቀር በተሰማ ጊዜ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አታላይ አየለን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ሕዝቡን ለማስረዳት ደጋግመው በሬዲዮ ቀርበዋል። ትጋታቸው ምስጋና ይገባዋል። ጠያቂዎቻችን ግን እስከ ዛሬ ድረስ «በሬክተር ስኬል ይህን ያህል» ማለትን አልተዉም። ቻርልስ ሪክተር ያንን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው ለደቡብ ካሊፎርኒያ ነበር፤ ሊቃውንቱ እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ ለትላልቆቹ መንቀጥቀጦች በሌላ መለኪያ ይጠቀማሉ። ስሙ ያረጀ መሆኑ ትንሹ ጉድለት ነው። ትልቁ ጉድለት ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አለመነገሩ ነው። በ5 እና በ6 መካከል ያለው ልዩነት በአምስት ብርና በስድስት ብር መካከል እንዳለው ዓይነት አይደለም። አንድ ቁጥር ሲጨምር የመሬቱ ንዝረት በመሣሪያው ላይ አሥር እጥፍ ያድጋል፣ የሚለቀቀው ጉልበት ደግሞ 32 እጥፍ ያህል ይሆናል። ሁለት ቁጥር ሲጨምር ጉልበቱ ወደ ሺህ እጥፍ ይደርሳል። ከዚህም ሌላ መንቀጥቀጡ በተነሣበት ቦታ ያለው መጠን አንድ ሲሆን፣ በየመንደሩ የሚሰማው ብርታት ግን እንደ ርቀቱ፣ እንደ አፈሩና እንደ ቤቱ አሠራር ይለያያል። ይህን ያልተረዳ አድማጭ ቁጥር ሰምቶ ወይ በከንቱ ይደነግጣል ወይ በከንቱ ይጽናናል።

የቦርከና ሸለቆ ሰው ለዚህ ዕውቀት እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት ጀምሮ ለወራት በዘለቀው መንቀጥቀጥ ከከሚሴ በስተደቡብ ያሉት ካራቆሬና ማጀቴ ክፉኛ ተመትተዋል፤ ማጀቴ ፈራርሳለች፣ በካራቆሬም ብዙ ቤቶች ወድቀዋል፣ መሬቱም ላይ ረጃጅም ስንጥቆች ታይተዋል። ከንዝረቶቹ ኃይለኛው ግንቦት 24 ቀን የደረሰው ሲሆን መጠኑ ከ6 በላይ ነበር። በዩኒቨርሲቲው የምድር ፊዚክስ መመልከቻ የመሠረቱትና ይህን መንቀጥቀጥ ያጠኑት ካናዳዊው ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ ጉዳዩን በሰፊው ጽፈውታል። በዚያን ጊዜ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ የ75 ዓመት ሽማግሌ ነው። አንድ ጠያቂ በአንድ ወገን ሊቁን፣ በሌላ ወገን እንዲህ ያለውን ሽማግሌ አስቀምጦ ቢያነጋግር፣ ሽማግሌው ያየውን ሊቁ ቢያብራራ፣ ሊቁ የሚያውቀውን ሽማግሌው ቢመሰክር፣ ያ ዝግጅት ዳጉ የሚጠይቀውን ሁሉ ያሟላ ነበር። በሳይንስ ቃለ ምልልሶቻችን ግን የዓይን ምስክር የሚጠራው ለማልቀስ እንጂ ለማስረዳት አይደለም።

ዓለም ሩቅ ናትን?

የዓለምን ጉዳይ በሚመለከቱ ቃለ ምልልሶች ዘንድ የተለመደው ሥርዓት የሚከተለው ነው። ጠያቂው ከጥያቄው የሚበልጥ መግቢያ ያነባል፤ ከዚያም ሦስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ያቀርባል። ተንታኝ የተባለው እንግዳ ከሦስቱ የቀለለውን መርጦ ስለ ኃያላን አሰላለፍና ስለ ጂኦፖለቲካ ሲናገር ሰዓቱ ያልቃል። «ጊዜያችን ስለተገባደደ በአጭሩ» የሚለው ቃል የሚመጣውም ዋናው ነገር ሊጀመር ሲል ነው። ጠቅላላው ንግግር ዓለም ከእኛ ራቅ ብላ እንደምትታይ የመድረክ ትርኢት ያደርጋታል።

በእርግጥ ዓለም ከከሚሴ ሩቅ ናትን? የጆሃንስበርጉን ጉባኤ እንውሰድ። ኢትዮጵያ የውጭ ዕዳዋ እንዲሸጋሸግላት በ2013 ዓ.ም. የጠየቀችው የቡድን ሃያ አገሮች ባወጡት የጋራ ማዕቀፍ አማካይነት ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በወጉ መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር የመግባቢያ ስምምነት የተፈረመው ከዚያ ዓመት ያህል ዘግይቶ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የከሚሴ ነጋዴ ለዘይትና ለስኳር የሚከፍለው፣ የአርጡማ ፉርሲ ገበሬ ለማዳበሪያ የሚያወጣው ገንዘብ ከዚህ ሰንሰለት ጋር የተያያዘ ነው። ስለ ጉባኤው የሚጠየቅ ሊቅ «በዚያ አዳራሽ የተባለው ነገር በማዳበሪያ ዋጋ ላይ በየትኛው መንገድ ይደርሳል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል አይሆንለትም። ነገር ግን ለመልሱ ሲደክም አድማጩም አብሮት ያስባል።

መንገዱን ደግሞ እንመልከት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በከሚሴ፣ በኮምቦልቻና በባቲ አልፎ በሚሌ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው ጎዳና ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ዋና የወደብ መንገድ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋ፤ የአገሪቱም ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞሮ ጭነት ተሽከርካሪው በአዋሽ በኩል መመላለስ ጀመረ። በመንገዱ ዳር ሻይና ምግብ ሸጦ፣ ጎማ ጠግኖ፣ አልጋ አከራይቶ ይኖር የነበረ ሰው የሁለት መንግሥታትን ጠብ በራሱ ገበታ ላይ አይቶታል። ዛሬ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ወደብ በየጣቢያው ሲከራከሩ የሚሰሙት እንግዶች ይህን ሰው አያስታውሱትም። ጠያቂውም አያስታውሳቸውም።

ከሁሉ የሚከብደው የየመን ጉዳይ ነው። ከዚህ ዞንና ከደቡብ ወሎ በአፋርና በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ዜናው ለአንዳንዱ ቤት የልጅ መመለስ ነበር፣ ለአንዳንዱም የተሸጠ ከብት ዕዳ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ጠረፍ ከ150 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ኢትዮጵያውያን፣ የጫነች ጀልባ ሰጥማ ከ60 በላይ የሚሆኑ ሕይወታቸው አልፏል። ስለ የመን በሬዲዮ ሲነገር ባለ ሚሳይሉ ማን እንደሆነ፣ ጀርባው ማን እንዳለ በዝርዝር ይተነተናል። ልጇ መንገድ ላይ ያለ እናት ግን የምታዳምጠው ለሌላ ነገር ነው፤ መንገዱ የትኛው ላይ ተዘግቷል? የተያዘ ሰው የት ይቆያል? የሞተ ሰው ስሙ በማን ይታወቃል? እነዚህ ጥያቄዎች ከዓለም ጉዳይ ያነሱ አይደሉም፤ የዓለም ጉዳይ በሰው ቤት ሲገባ የሚይዘው መልክ ናቸው።

ቋንቋና ዝምታ

የከሚሴ አድማጭ ሁለት ቋንቋ አለው ብለናል። የክልሉ መገናኛ ብዙኃን በአማርኛ ከሚያወጣቸው ዝግጅቶች ሌላ በኦሮምኛም ሥርጭት አለው፤ ሂርኮ የተባለ የኦሮምኛ ጋዜጣም ሲያሳትም ቆይቷል። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ሆኖም አንድ መርሕ መጨበጥ ያስፈልጋል። ዜና ሊተረጎም ይችላል፤ ቃለ ምልልስ ግን አይተረጎምም፣ እንደገና ይጠየቃል እንጂ። በአማርኛ የተደረገ ምልልስ በኦሮምኛ ሲነበብ ቃሉ ያልፍ ይሆናል፣ የጠያቂው መገረም፣ የሊቁ ማመንታት፣ የመልሱ ሙቀት ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ስለ መሬት መንቀጥቀጥና ስለ ማርበርግ በሽታ በኦሮምኛ ከምንጩ የሚጠየቅ ሊቅ መፈለግ፣ ካልተገኘም የሚያስረዳ ሐኪም ወይም መምህር ማሠልጠን ተገቢ ነው።

በአማርኛውም በኩል ሥራው አላለቀም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ለመተርጎም ብዙ ደክሟል። እሳተ ገሞራና ርእደ መሬት የሚሉት ቃላት ለጆሮም ለልብም የቀረቡ ናቸው። ዳሩ ግን ሊቃውንቱ በማይክሮፎን ፊት ሲቀርቡ በትምህርት ቤት በተማሩት ባዕድ ቃል ይናገራሉ፤ ጠያቂውም እንዳወቀ ሆኖ ያልፋል። «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ አላዋቂነትን እንደ መግለጥ ተቆጥሮ ያሳፍራል። በዳጉ ሥርዓት ግን ያሳፍር የነበረው ሳይገባው መሄድ ነው።

ለሌላው ዓይነት ምልልስ የታየው ትዕግሥት ለሳይንስ አለመታየቱም ያስቆጫል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ላይ መዓዛ ብሩ በየጨዋታ እንግዳ ዝግጅቷ የሰውን የሕይወት ታሪክ ስታስተርክ፣ መልሱ እስኪመጣ ዝም ብሎ መጠበቅ ምን ያህል ኃይል እንዳለው አሳይታለች። ዝምታዋ እንግዳው ያላሰበውን እንዲያስታውስ ያደርገዋል። በዶይቼ ቬለ የነጋሽ መሐመድ ማሕደረ ዜና፣ በሸገርም የእሸቴ አሰፋ መቆያ የዓለምን ጉዳይ በትረካ መልክ ለተራው አድማጭ ማቅረብ እንደሚቻል አስመስክረዋል። ከእነዚህ ሁለት ችሎታዎች፣ ማለትም ከመታገሥና ከመተረክ፣ ሦስተኛ ነገር ሊወለድ ይገባል፤ እርሱም ሊቅን በትዕግሥት የሚጠይቅና መልሱን እስከ አድማጩ ደጃፍ የሚያደርስ ምልልስ ነው።

ሊቅም ድርሻ አለበት። «አላውቅም» ወይም «እስካሁን አልተጠናም» የሚለው መልስ ከሊቅ አፍ ሲወጣ የሬዲዮ ጠያቂዎች እንደ ጉድለት ቆጥረው ፈጥነው ወደ ሌላ ጥያቄ ይሻገራሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚናገር ሳይንስ የለም፤ ይህን በግልጥ የሚናገር ሊቅ ሕዝቡን ከሐሰተኛ ነቢያት ይጠብቃል። ጠያቂውም ከዚያ ላይ ቆም ብሎ «ለምን አይታወቅም? እስኪታወቅስ እኛ ምን እናድርግ?» ቢል ቤትን ስለ ማጠንከር፣ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ከግድግዳ ስለ መራቅ ጠቃሚው ነገር ሁሉ ከዚያ ይጀምራል።

በጠቅላላው በዚያ አንድ ሳምንት ተራራ ፈንድቷል፣ ጉባኤ ተደርጓል፣ በሽታ ተዛምቷል፤ ሊቅም አልጠፋም፣ ማይክሮፎንም አልጠፋም። የጎደለው የአድማጩን ጥያቄ ይዞ ወደ ሊቁ የሚሄድ ጠያቂ ነው። ይህን ጠያቂ ለማፍራት ውድ መሣሪያ ወይም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሥልጠና የግድ አያስፈልግም። ጋዜጠኛ አዘጋጅቶ ወደ ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ ሰዎች ምን እንደሚጠያየቁ ቢያዳምጥ፣ ጥያቄዎቹን ሳያሳምር ለሊቁ ቢያቀርብ፣ መልሱንም ምንጩን ለይቶ ቢመልስላቸው ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። የሥነ ጥበብ ሐያሲዎቻችንም ለልብ ወለዱና ለተውኔቱ የሚሰጡትን ጆሮ ለሬዲዮው ቃለ ምልልስ ቢሰጡ፣ በየወሩ አንዱን መርጠው ቢመዝኑ፣ ጥበቡ ያድጋል፤ አድማጩም የሚገባውን ክብር ያገኛል እንላለን።